አሚር ዐብዱልቃዲር አልጀዛኢሪ፦ የምርኮኛን ሐቅ የጠበቁ መሪ

አሚር ዐብዱልቃዲር እ.ኤ.አ. በ1808 በምዕራብ አልጄሪያ፣ በሙዐስከር ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ሸይኽ ሙህዪዲን፣ በእኛም ሀገር በሐረርና በወሎ ብዙ ተከታዮች ያሉት የቃዲሪያ ጠሪቃ ሸይኽ ነበሩ። ልጃቸው በልጅነቱ ቁርኣንን ሐፍዞ፣ ፊቅህ ተምሮ፣ ገና ወጣት ሳለ ከአባቱ ጋር ሐጅ አደረገ።

ፈረንሳይ በ1830 አልጀርስን ያዘች። ከሁለት ዓመት በኋላ የምዕራቡ ጎሳዎች ለ24 ዓመቱ ወጣት በይዓ ሰጡ። ኪታብና ዒባዳ ይወዱ የነበሩት ዐብዱልቃዲር ከዚያ ቀን ጀምሮ አሚር ሆነው ለአሥራ አምስት ዓመታት ተዋጉ።

በዚያ ጦርነት የጠላትን ራስ ቆርጦ ለአለቃ ማቅረብና ሽልማት መቀበል የተለመደ ነበር። አሚሩ ይህን ልማድ ከለከሉ። ሽልማቱን የሚያገኘው ምርኮኛን በሕይወት ያመጣ ሆነ፤ ምርኮኛን ያንገላታ ደግሞ ይቀጣ ጀመር። በሴት ምርኮኞች ላይ ኃላፊነቱን የወሰዱት እናታቸው ላላ ዞህራ ነበሩ። ይህ ሕግ ከአሚሩ የመነጨ አዲስ ነገር አልነበረም። ሱረቱል ኢንሳን ምርኮኛን የሚያበሉትን ያወድሳል፤ ሱረቱ ሙሐመድም ምርኮኛን በነፃ ወይም በቤዛ ስለመልቀቅ ይናገራል። የአሚሩ ሥራ ይህን በጦር ሰፈር ውስጥ ተግባራዊ ማድረግ ነበር።

በ1841 የአልጀርሱ ካቶሊካዊ ጳጳስ ዱፑሽ አንድ ፈረንሳዊ ምርኮኛ እንዲፈታ በደብዳቤ ለመኗቸው። አሚሩም ጳጳሱ ስለ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ ምርኮኞች ሁሉ፣ በፈረንሳይ እጅ ስላሉት ሙስሊሞች ጭምር መጠየቅ እንደነበረባቸው መለሱላቸው። ከዚያ በኋላ የምርኮኞች ልውውጥ ተደረገ።

ጠላት ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። በጄኔራል ቡዦ ትእዛዝ ሰብል ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ፣ መንደር ፈረሰ። በ1845 የፈረንሳይ ጦር በደህራ ተራሮች ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ ወንዶችን፣ ሴቶችንና ሕፃናትን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በጭስ አፍኖ ገደለ።

የአሚሩ ሕግ ከባዱ ፈተና የገጠመውም በዚህ ጊዜ ነው። በ1846 አሚሩ በሌላ ግንባር ሳሉ ርቆ የነበረው ሰፈራቸው በረሃብና በስጋት ተጨንቆ ነበር። በዚያ የነበሩ ከመቶ በላይ ፈረንሳውያን ምርኮኞች ተገደሉ። ትእዛዙን የሰጡት የእህታቸው ባል የነበሩት ምክትላቸው እንደሆኑ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ይህ በአሚሩ ታሪክ ላይ የቀረ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ልንደብቀውም አይገባም። ረሃብ፣ ፍርሃትና በቀል ሲበረቱ፣ የመሪው ዓይን በራቀበት ቦታ፣ የምርኮኛ ሐቅ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚጣስ ያሳየናል።

በታኅሣሥ 1847 አሚሩ ወደ ሙስሊም ሀገር እንዲሄዱ ቃል ተገብቶላቸው እጃቸውን ሰጡ። ፈረንሳይ ግን ቃሏን አጠፈች፤ ከቤተሰባቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር ወደ ቱሎን፣ ቀጥሎም ወደ ፖና ወደ አምቧዝ ወስዳ አሰረቻቸው። በአምቧዝ ከሃያ በላይ ሰዎቻቸው ሞተው እዚያው ተቀበሩ። እንዲፈቱ ከሞገቱላቸው ሰዎች አንዱ ያው ጳጳስ ዱፑሽ ነበሩ። ምርኮኞችን ያከበሩት ሰው የምርኮን መራራነት አምስት ዓመት ያህል ቀምሰው በ1852 ተፈቱ።

በቀል ቢፈልጉ ኖሮ አጋጣሚው በ1860 በደማስቆ መጥቶ ነበር። በከተማው ክርስቲያኖች ላይ ግድያ ሲነሳ አሚሩ ከአልጄሪያውያን ተከታዮቻቸው ጋር በየጎዳናው ወጥተው በሺዎች የሚቆጠሩትን አዳኑ። ክርስቲያንን በሕይወት ወደ ቤታቸው ላመጣ ሰው ገንዘብ ከፈሉ። ከሃያ ዓመት በፊት በጦር ሰፈራቸው የደነገጉት ሕግ ይኸው ነበር። በዚያን ጊዜ ራሳቸው በሩሲያ ምርኮ ላይ የነበሩት የዳግስታኑ ኢማም ሻሚልም በደብዳቤ አመሰገኗቸው።

አሚር ዐብዱልቃዲር በ1883 በደማስቆ ወደ አኼራ ሄዱ፤ በሙህዪዲን ኢብን ዐረቢ አጠገብ ተቀበሩ። አልጄሪያ ነፃ ከወጣች በኋላ አስከሬናቸው ወደ ሀገራቸው ተመለሰ።

ዛሬም ጦርነት ባለበት ሁሉ፣ ጠላት በደል ፈጽሟልና እኛም እንፈጽም የሚል ድምፅ ይሰማል። የአሚሩ ሕይወት ለዚህ መልስ አለው፤ የደህራ ዋሻ ግፍ የአላህን ሕግ አልሻረም። እጁን የሰጠ ሰው በያዘው ሰው ላይ አማና ነው፤ አማናውም የሚጠየቀው በቂያማ ቀን ነው።

አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም ኃይል ሲኖረን ከማይበድሉት ያድርገን። አሚን።