ይድነቃቸው ተሰማ

ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የእግር ኳስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ ለ23 ዓመታት ተጫውተዋል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን አሠልጥነዋል፤ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥርዓት ሳለች ከዓለም እግር ኳስ እንድትገለል ከታገሉት ቀዳሚ መሪዎች አንዱ ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ይድነቃቸው የተወለዱት በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔና በዘፈን የታወቁ ሰው ሲሆኑ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር ዘፈኖቻቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ ናቸው። ልጃቸው ይድነቃቸው በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተምረዋል።

ተጫዋችነት

ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን በአራዳ ሲመሠርቱ፣ ይድነቃቸው ገና ተማሪ ሳሉ ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች መካከል ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባን ያዘ። የፋሺስት አገዛዝ በኳስ ሜዳም ነጭና ጥቁርን ለየ፤ ኢትዮጵያውያን ከነጮች ቡድኖች ጋር እንዳይጋጠሙ ተከለከለ፤ የጊዮርጊስም ስም በጣሊያንኛ ስም ተተካ። ይድነቃቸው የወጣትነት ዘመናቸውን የተጫወቱት በዚህ የዘር አጥር ውስጥ ነው። ኋላ በዓለም መድረክ የተሟገቱለትን ጉዳይ አስቀድመው በራሳቸው ላይ ደርሶ ያውቁት ነበር።

ከነጻነት በኋላ ዋና ከተማዋ ውስጥ የነበሩት የጣሊያን፣ የአርመንና የግሪክ ማኅበረሰቦች እንዲሁም የእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ከጊዮርጊስ ጋር በአንድ ውድድር መጫወት ጀመሩ። ይድነቃቸው በዚህ ጊዜ ከመጫወት አልፈው የእግር ኳስ ሕግጋትን ወደ አማርኛ ተረጎሙ፤ የስፖርት ጽሕፈት ቤቱንና ፌዴሬሽኑን ከሚያደራጁትም ጋር ሠሩ። በአጥቂነት ለጊዮርጊስ 365 ጨዋታ አድርገው 318 ግብ ማስቆጠራቸው ይነገራል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል።

አሠልጣኝነት

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ በ1954 ዓ.ም. ሲካሄድ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። ጥር 13 ቀን የገጠመቻት ቀደም ሲል ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ (በወቅቱ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ) ነበረች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። የመጀመሪያውን ግርማ ተክሌ፣ ሁለተኛውን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉ። በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ ግብ ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውን ለአምበሉ ያስረከቡት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው በዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

የካፍ መሪነት

ካፍ የተመሠረተው በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲሆን፣ መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ይድነቃቸውም ኢትዮጵያን ወክለው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ ያሰለፈ ቡድን እልካለሁ ስትል ሌሎቹ ስላልተቀበሉ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተወገደች። በግማሽ ፍጻሜው ተጋጣሚዋ ልትሆን የነበረችው ኢትዮጵያ ስለነበረች፣ ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊፋ) ደቡብ አፍሪካን እ.ኤ.አ. በ1961 ቢያግድም በ1963 እገዳውን አነሣ። አፍሪካውያን ከእስያ አገሮች ጋር በመተባበር በ1964 እንደገና አሳገዷት፤ በ1976፣ ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሳሉ፣ ጨርሳ ተባረረች።

ሌላው ትግል የዓለም ዋንጫ ቦታ ነበር። ፊፋ ለ1966ቱ ውድድር የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ እንዲለይ ሲወስን፣ ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ባነሡት ተቃውሞ የአፍሪካ ቡድኖች በሙሉ ከማጣሪያው ወጡ። ውጤቱም ተገኘ፤ ከ1970 ጀምሮ አፍሪካ የራሷ አንድ ቦታ፣ በ1982 ደግሞ ሁለት ቦታ አገኘች።

ይድነቃቸው ከዚህ ሌላ የኢትዮጵያ ኦሊምፒክ ኮሚቴን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ።

ዕረፍት

ይድነቃቸው ተሰማ በ65 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። እርሳቸው ካፍን መምራት ሲጀምሩ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የነበራት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ደቡብ አፍሪካ የዘር ሥርዓቱን ማፍረስ ጀምራ ወደ ፊፋ የተመለሰችው እርሳቸው ከሞቱ ከ5 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።