ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ ዐፄ ቴዎድሮስና የሴባስቶፖል መንገድ

ይህ አጭር ጽሑፍ የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት በመጨረሻው ታላቅ ሥራቸው፣ ማለትም ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት በኩል እስከ መቅደላ ባስጠረጉት የመድፍ መንገድ አማካይነት ይመለከታል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ያለ መንገዱ ብቻውን እንደ ቅርስ ሲታይ ታሪኩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል የሚለው የጽሑፉ ማዕከላዊ ሐሳብ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለዱ። በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ሲሸነፉ የመድፍን ኃይል በዓይናቸው አዩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከነገሡ በኋላም የአውሮፓን የእጅ ጥበብ ወደ አገራቸው ለማምጣት ተጉ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ምላሽ ሲያጣ የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ፤ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰፈሩትን ሚስዮናውያን ባለእጆችም መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። ከሥራዎቹ ሁሉ ታላቁ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነበር።

መድፉ ሲጠናቀቅ ግን ግዛታቸው በዐመፅ ተሸርሽሮ ጠብቦ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ ስላልነበረ እየሠሩ መጓዝ ግድ ሆነ። በጋይንትና በጨጨሆ አልፈው፣ ቤተ ሖርን ተሻግረው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደላ ገደል ወርደው ወጡ። ሴባስቶፖልን ለመጎተት ብቻ እስከ 500 ሰው ያስፈልግ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይለፉ ነበር።

የምሕንድስናውን ክብደት ለመረዳት ንጽጽር ይጠቅማል። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ በሞክ ቸንክ በ1827 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ሐዲድ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ፉርጎዎች በራሳቸው ክብደት ቁልቁል ይንሸራተቱ ነበር፤ ባዶዎቹን ወደ ላይ የሚመልሱት በቅሎዎች ነበሩ። እዚያ የመሬት ስበት አገልጋይ ነበር። በጅጣ ቁልቁለት ግን ስበት ጠላት ነበር፤ ሐዲድ በሌለበት ሠረገላው እንዳያመልጥ ከኋላ የሚይዘው የሰው ክንድ ብቻ ነበር።

በእነዚያው ወራት የጄኔራል ናፒየር ጦር በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ ወርዶ ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ። ከባድ መድፎቹንም በዝሆን ጀርባ ጭኖ ወደ ደጋ ወጣ። ቤተ ሖር ሲደርስ የንጉሡን መንገድ አገኘ፤ የጅጣንም ገደል በዚያው ተሻገረ። ንጉሡ ለመድፋቸው የጠረጉት መንገድ ለጠላታቸው ማለፊያ ሆነ። ሴባስቶፖል በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጅ ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ሠዉ።

የዙላ ሐዲድ ከዘመቻው በኋላ ተነቀለ። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መንገዱ ግን ይህን የመሰለ መታሰቢያ የለውም። ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና በአብዛኛው የዚያኑ ጉዞ አቅጣጫ ይከተላል፤ የጎዳና ሥራ በተስፋፋ ቁጥርም የቀድሞው ጥርጊያ አሻራ ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ተግባራት ይመከራሉ፦ የመንገዱን ቅሪት በእግር ጉዞ ጥናት መለየትና በካርታ ማስፈር፤ ከአርብ ገበያ እስከ ጨጨሆ ባሉ የጋይንት ቀበሌዎች የአረጋውያንን ትውፊት መሰብሰብ፤ ጋፋትን፣ መንገዱንና መድፉን በአንድ የቅርስ መዝገብ ማያያዝ። መድፉ የንጉሡን ምኞት ያሳያል፤ መንገዱ ደግሞ ያን ምኞት በትከሻው የተሸከመውን ስሙ ያልተጻፈ ሕዝብ። ሁለተኛው ምስክር ሳይጠፋ መመዝገብ አለበት።