አሴምብሊ ቋንቋ ነው ወይስ አይደለም? የግሬስ ሆፐርን ታሪክ ስሙ

ኮዲንግ የሚማሩ ልጆች ዘንድ የማያልቅ ክርክር አለ፤ አሴምብሊ እውነተኛ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው ወይስ አይደለም? በግሬስ ሆፐር ዘመን ግን የሚናቀው ሌላው ወገን ነበር።

ግሬስ እ.ኤ.አ. በ1906 ኒውዮርክ ተወለደች። በ7 ዓመቷ የቤቱን የደወል ሰዓቶች አንድ በአንድ ስትፈታታ እናቷ ደረሱባትና ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ተፈቀደላት። በ1934 ከዬል በሒሳብ ዶክትሬቷን ያዘች። ጦርነቱ ሲመጣ ባሕር ኃይል ገብታ በ1944 ሃርቫርድ ማርክ 1 የሚባል፣ ርዝመቱ 15 ሜትር ገደማ የሆነ ማሽን ላይ ተመደበች። ትዕዛዝ የሚሰጠው ወረቀት በመብሳት ነበር። አንዲት ቀዳዳ ከተሳሳተች ሥራው ገደል ገባ ማለት ነው።

በ1949 ዩኒቫክን ወደሚሠራው ኩባንያ ሄደች። እዚያ የሥራ ባልደረባዋ ቤቲ ሆልበርተን ትዕዛዞቹ በፊደል እንዲጻፉ አድርጋለች፤ መደመር በእንግሊዝኛ ስሙ የመጀመሪያ ፊደል። ዛሬ አሴምብሊ ላይ አድ፣ ሙቭ እያልን የምንጽፈው ከዚሁ ሐሳብ ነው። ለማሽኑ የትኛውም ምልክት ያው ነው፤ ፊደሉ የተመረጠው ለሰው ነው። በኔ በኩል ቋንቋ ለመባል ይሄ ይበቃዋል።

ግሬስ ግን እዚያ አልቆመችም። ፕሮግራመሮቹ የድሮ ትዕዛዞችን ከደብተር በእጃቸው ይገለብጡ ነበር፣ ሲገለብጡም ይሳሳታሉ። ታዲያ ማሽኑ ራሱ ለምን አይገለብጥም? በ1952 ኤ-0ን ሠራች፤ የሚፈለገው ክፍል በቁጥር ይጠራል፣ ማሽኑ ከቴፕ አውጥቶ ይገጣጥመዋል። ስሙንም ኮምፓይለር አለችው። (በዛሬ መስፈርት ኮምፓይለር አይባልም የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውን ነው።)

ምን ሆነ መሰላችሁ? የሚያምናት ጠፋ። ኮምፒውተር ያሰላል እንጂ ፕሮግራም አይጽፍም ተባለች። በእንግሊዝኛ ቃላት ፕሮግራም መጻፍማ ጭራሽ የማይሆን ነገር ነበር፤ ሙያ ማለት እያንዳንዷን ትዕዛዝ በእጅ መጻፍ ነው። ዛሬ ደግሞ ያ የእጅ ሥራ ቋንቋ አይደለም ይባላል፣ ጉድ እኮ ነው! እሷ ፍሎው-ማቲክን ሠራች፤ በ1959 ለተጀመረው ኮቦልም መሠረት ሆነ። ኮቦል ዛሬም ባንኮች ውስጥ አለ።

ከባሕር ኃይል በሪር አድሚራልነት ጡረታ የወጣችው በ1986፣ በ79 ዓመቷ ነው። በ1992 የመጀመሪያ ቀን አረፈች። ንግግር ስታደርግ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ሽቦዎች ታድል ነበር፤ ኤሌክትሪክ በአንድ ናኖሰከንድ ቢበዛ የሚሄደው ያን ያህል ነው። ፕሮግራመሮች ጊዜ ሲያባክኑ ምን እየጣሉ እንደሆነ በዓይናቸው እንዲያዩ ነው። ከሽቦዎቹ የተወሰኑት አሁን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ።