ዶክተር አልበርት ሽቫይትዘር፤ ከመጻሕፍት ክምር እስከ ላምባሬኔ

የዶክተር አልበርት ሽቫይትዘር ስም በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በጋቦን ዱር ውስጥ ያቋቋሙት ሆስፒታልና የ1952 ዓ. ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ነው። ነገር ግን እኒህ ሰው ሐኪም ከመሆናቸው አስቀድሞ የኢየሱስ ክርስቶስን ምድራዊ ሕይወት በታሪክ መንገድ የመረመሩ ታላቅ ሊቅ ነበሩ። ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ የወደድነው ይህንኑ የሕይወታቸውን ክፍል ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሽቫይትዘር በ1875 ዓ. ም. በአልሳስ፥ ካይዘርስበርግ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አልሳስ ያን ጊዜ በጀርመን መንግሥት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የፈረንሳይ ክፍል ናት። አባታቸው የሉተራን ቄስ ስለ ነበሩ ያደጉት በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው፤ ኦርጋን መምታትንም የተማሩት ገና በልጅነታቸው ነው። በ1893 ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ማጥናት ጀመሩ።

በማግሥቱ ዓመት የውትድርና አገልግሎታቸውን ሲፈጽሙ የግሪክኛውን አዲስ ኪዳን ይዘው ነበር። በዕረፍት ሰዓት የማቴዎስን ወንጌል ዐሥረኛ ምዕራፍ ሲያነብቡ አንድ ጥያቄ ያዛቸው። ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ፥ የእስራኤልን ከተሞች ዞረው ሳይጨርሱ የሰው ልጅ እንደሚመጣ ነግሯቸዋል። ታዲያ ይህ እንዴት ይተረጐማል? የመምህራኖቻቸው ማብራሪያ ልባቸውን አላሳረፈውም።

ይህ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ትልቅ መጽሐፍ አስጻፋቸው። ከዚያ በፊት ስለ ኢየሱስ ሕይወት የተጻፉትን መጻሕፍት ሰብስበው በየምዕራፉ ለይተው በክፍላቸው ወለል ላይ ከመሩአቸው። ሊጠይቃቸው የሚመጣ እንግዳም በክምሮቹ መካከል እየተሽሎከለከ ማለፍ ነበረበት።

በክምሮቹ ውስጥ የብዙ ሰው መከራ ነበረ። የሐምቡርጉ መምህር ሬይማሩስ የጻፈውን በሕይወቱ ሳለ ለማሳተም ስላልደፈረ፥ በ1768 ከሞተ በኋላ ሌሲንግ ስሙን ሸሽጎ ከፊሉን አሳተመለት። ዳቪድ ስትራውስ በ1835 ባወጣው መጽሐፍ ምክንያት የቱቢንገን ሥራውን አጣ፤ በ1839 ዙሪክ ብትሾመውም ሕዝቡ ስለ ተቃወመ ማስተማር ሳይጀምር ጡረታ ወጣ። በፈረንሳይም ኤርነስት ረናን በ1862 ከማስተማር ታገደ።

የሽቫይትዘር መጽሐፍ በ1906 ታተመ። ፍርዱም ብርቱ ነበር፤ አብዛኞቹ ደራስያን የክርስቶስን ታሪክ እንጽፋለን ሲሉ የራሳቸውንና የዘመናቸውን መልክ ሥለው እንደ ተገኙ አሳየ። በእርሳቸው አስተያየት ኢየሱስ የዘመናዊ አውሮፓ የምግባር መምህር ሳይሆን፥ የእግዚአብሔር መንግሥት ፈጥኖ መምጣቱን የጠበቀና ያስተማረ ነው። ይህን ለማስረዳት ከተጠቀሙባቸው ጥንታውያን መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጀምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ባይወስድ፥ ዲልማንም በ1851 ግዕዙን ባያሳትም ኖሮ፥ ስለ ሰው ልጅ መምጣት የተነሣው ክርክር ታላቅ ምስክር በጐደለው ነበር።

ሊቁ ግን ምርምራቸው በደረሰበት ስፍራ ተቀምጠው አልቀሩም። ክርስቶስን የሚያውቀው ፈቃዱን የሚፈጽም ሰው ነው ብለው ስላመኑ፥ ቀድሞ በ21 ዓመታቸው ለራሳቸው በገቡት ቃል መሠረት ሠላሳ ዓመት ሲሞላቸው ሕክምና መማር ጀመሩ። ወዳጆቻቸው እብደት ነው አሏቸው። የፓሪሱ የሚስዮን ማኅበር ደግሞ ሐኪም ቢቸግረውም የእርሳቸው ትምህርት የአፍሪካን ምእመናን ያናውጣል ብሎ ፈራ። የኮሚቴውን አባላት በየቤታቸው ሄደው አነጋገሩ፤ በመጨረሻም ሐኪም ብቻ ሊሆኑና ስብከት ሊተዉ ቃል ገብተው ተፈቀደላቸው። ወንጌልን በመመርመር ስም ያተረፉት ሰው አፋቸውን ዘግተው ለማገልገል ተስማሙ ማለት ነው።

በ1913 ከባለቤታቸው ከሄለነ ጋር በኦጎዌ ወንዝ ዳር ላምባሬኔ ደረሱ። መጀመሪያ በሽተኞችን ያከሙት በአሮጌ የዶሮ ቤት ውስጥ ነው። ብዙም ሳይቆይ በዚያ የነበሩት ሚስዮናውያን ራሳቸው እንዲሰብኩ ለመኗቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመናዊ ዜጋ ናቸው ተብለው በ1917 ወደ ፈረንሳይ ተወስደው ታሰሩ፤ በ1924 ግን ወደ ላምባሬኔ ተመለሱ። በሽልማታቸውም ገንዘብ ለሥጋ ደዌ በሽተኞች መንደር ሠሩ።

ነቀፌታ አልቀረላቸውም። አፍሪካዊውን እንደ ታናሽ ወንድም ቈጥረው ራሳቸውን ታላቅ ማድረጋቸው በአፍሪካውያን ዘንድ በትክክል ተወቅሷል። የሌሎችን ጸሐፊዎች የዘመን መነጽር ያጋለጡት ሊቅ የራሳቸውን ሳያወልቁ ቀሩ።

ዶክተር ሽቫይትዘር በ1965 በ90 ዓመታቸው ዐርፈው በዚያው በላምባሬኔ ተቀበሩ። ስለ ኢየሱስ የሰጡትን ትርጓሜ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። እኛ ግን ከታሪካቸው የምናገኘው ትምህርት አለ ብለን እናምናለን፤ ይኸውም እውነትን የሚመረምር ሰው ያገኘውን በሕይወቱ ሊከፍልበት የሚገባ መሆኑ ነው።