ይድነቃቸው ተሰማ እና የማይከፋፈለው ሜዳ

በጉንደ ወይንም ሆነ በቢቸና፣ በሞጣም ሆነ በሌላው የአገራችን ከተማ፣ ልጆች የጨርቅ ኳሳቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ሲወጡ አስቀድመው የሚያደርጉት በሁለት ወገን መከፈል ነው። ጨዋታው ሲያበቃ ግን ክፍፍሉም አብሮ ያበቃል፤ ተሸናፊውና አሸናፊው ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ሰውን በዘሩና በቆዳው ቀለም የሚለይ ሌላ ዓይነት ክፍፍል ወደ ሜዳ እንዳይገባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ ታገሉ አንድ ኢትዮጵያዊ በዚህ ገጽ ጥቂት ልናወሳ ወደድን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ታዋቂው ባለቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ልጅ ይድነቃቸው የተማሩት በአዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት ከነጻነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 በካናዳውያን ኢየሱሳውያን መምህራን አመራር ሥር የዋለው ነው። በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በወጣቶች ጥረት ሲመሠረት ይድነቃቸው የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ክለቡን በዚያ ዕድሜያቸው ተቀላቅለው ለሃያ ሦስት ዓመታት ያህል ለአንድ ማልያ ብቻ ተጫወቱ።

ክለቡ ገና ሳይጠና የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ወራሪው ኳስን አልከለከለም፤ ሜዳውን ግን ከፈለ። ጣልያኖቹ ለብቻቸው፣ ኢትዮጵያውያኑም ለብቻቸው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ስሙን እንዲለውጥ ተገደደ። በገዛ አገሩ ከሌላው ጋር ለመጫወት አትበቃም የተባለ ወጣት በልቡ ምን ሊያድርበት እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ከቂም ይልቅ ቁርጥ ሐሳብ እንዳደረባቸው የአቶ ይድነቃቸው የኋላ ሕይወት ያስረዳል።

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ የስፖርት ሥራ እንደ አዲስ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1943 የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ በ1944ም የመጀመሪያው የሻምፒዮና ውድድር ተካሄደ። ተወዳዳሪዎቹ አምስት ነበሩ፤ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ማዕርግ ለማግኘት እስከ 1950 መጠበቅ ነበረበት። ይሁን እንጂ የዚያ ዓመት ውድድር ትልቁ ፍሬ ዋንጫው አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሜዳ እንዳይገናኙ የተከለከሉ ሰዎች በአንድ ሕግ ሥር ተሰለፉ። በዳይና ተበዳይ እኩል ቆመው የተዳኙበት ስፍራ ሜዳው ሆነ።

አቶ ይድነቃቸው በአንድ በኩል ተጫዋች፣ በሌላ በኩል የስፖርቱ አደራጅ በመሆን ይህን ሥራ ወደ ፊት ገፉ። እ.ኤ.አ. በ1957 በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። መሥራች አገሮቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተወገደች። አንድ ተወዳዳሪ ማጣት ለአራት አገሮች ውድድር ቀላል ጉዳት አልነበረም፤ መሥራቾቹ ግን ውድድሩ ቢያንስ ይሻላል ብለው ቆረጡ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሲካሄድ አቶ ይድነቃቸው የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ ነበሩ። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ በተጨማሪው ሰዓትም ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር። እሱና አንዷን ግብ ያስቆጠረው ወንድሙ ኢታሎ የተወለዱት ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት ነው። ጣልያኖች ከሜዳቸው የለዩት የትናንቱ ወጣት፣ የጣልያናዊ ልጆች ለኢትዮጵያ የተጫወቱበትን ቡድን ለድል አበቃ።

እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገለገሉ፤ የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በ1961 አግዶ በ1963 እገዳውን አነሣ፤ በ1964 መልሶ አገደ። የአፍሪካ አገሮች በአንድ ድምፅ በመጽናታቸው በመጨረሻ በ1976 ከማኅበሩ አስወጣት። ከዚህ ሁሉ ትግል ግንባር ቀደሞች መካከል አቶ ይድነቃቸው ይገኙ ነበር። የተቃወሙት ግን የደቡብ አፍሪካን ሕዝብ ሳይሆን ሕዝቡን የከፋፈለውን ሥርዓት ነው።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በደብረ ታቦር በዓል ዕለት፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የድካማቸውን ፍሬ አላዩም። ደቡብ አፍሪካ ወደ ዓለም አቀፉ ማኅበር የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ በ1996 ነጭና ጥቁር ልጆቿን አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ በገዛ አገሯ አነሣች። ሟቹ ዕድሜያቸውን የሰጡለት ነገር በዚያች ቀን በዓይን ታየ።

በየቁምስናው ወጣቶችን የምንመራና የምናስተምር ሁሉ ከዚህ ሕይወት የምንማረው አለ። ልጆቻችን ለጨዋታ ሲሰለፉ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ የሚወስነው የማልያ ቀለም ብቻ እንዲሆን እንትጋ። ተለይቶ ዳር የቆመ ልጅ ካለም ስሙን ጠርተን ወደ ሜዳው እናስገባው።