አንቶኒ ትሮሎፕ፤ የፖስታ ቤቱ ደራሲ

ከመካከላችን ደራሲ ለመሆን የሚመኝ ሁሉ በልቡ የተሸከመው አንድ ያልተጻፈ መጽሐፍ አለው። ርእሱ ከወጣለት ቆይቷል፤ ለወዳጅም ተተርኳል፤ ወረቀት ላይ ግን አልወረደም። ምክንያቱን ብንጠይቀው አንዱ ጊዜ አጣሁ ይላል፤ ሌላው ውቃቢዬ አልቀረበኝም ይላል። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ ይህን የመሰለ ያልተጻፈ መጽሐፍ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተሸክሞ ከዞረ በኋላ 47 ልብ ወለድ መጻሕፍት ጽፎ የሞተ ሰው ነውና፥ ታሪኩ ለእኛ ለጀማሪዎቹ ሳይጠቅመን አይቀርም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ትሮሎፕ በ1815 ሎንዶን ውስጥ ተወለደ። አባቱ የሕግ ጠበቃ ነበረ፤ ነገር ግን ቍጡና ዕድለ ቢስ በመሆኑ በጥብቅናውም በእርሻውም ከሰረ። ልጁ ሃሮው በሚባለው የጌቶች ልጆች ትምህርት ቤት ተመላላሽ ተማሪ ሆኖ ገባ። በጭቃ መንገድ በእግሩ ተጕዞ ልብሱ አድፎ ስለሚደርስ ባለጠጎቹ ልጆች ያፌዙበት ነበር። በኋላ ዊንቸስተር በተማረበት ጊዜም የቤቱ ዕዳ ሳይከፈል ቀርቶ፥ ነጋዴዎች ለዚህ ልጅ በዱቤ እንዳይሰጡ ተነገራቸው፤ ይህንንም ጓደኞቹ ሁሉ ሰሙ።

አጫዋች ያጣው ልጅ ብቻውን በልቡ ታሪክ መሥራት ያዘ። የእርሱ ሐሳብ ግን ዛሬ ንጉሥ ነገ ጀግና እንደሚያደርገው እንደኛ የቀን ሕልም አልነበረም። አንዱን ታሪክ ለሳምንታትና ለወራት፥ አንዳንዴም ከዓመት እስከ ዓመት ይቀጥለዋል፤ ሊሆን የማይችል ነገር እንዳይገባበትም ለራሱ ሕግ አውጥቶ ነበር። ይህ ልማድ ባይኖረው ኖሮ ልብ ወለድ ለመጻፍ እንደማይበቃ እርሱ ራሱ በኋላ መስክሯል። ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው ደግሞ የዕለት ማስታወሻ ጀመረና ዐሥር ዓመት ያዘው፤ ጐልምሶ ሲያነበው ግን በጻፈው ነገር አፍሮ አጠፋው። እጁ የተፍታታው ግን በዚያ ማስታወሻ ነበር።

የሥራ ምሳሌ በቤቱ አላጣም። እናቱ ፍራንሰስ የመጀመሪያ መጽሐፏን በ1832 ስታሳትም የ53 ዓመት ሴት ነበረች። ቤተ ሰቡ ዕዳ ሸሽቶ ቤልጅግ አገር ብሩዥ ከተማ በገባ ጊዜ ባሏም አንድ ልጇም ለሞት ታመው ተኝተው ነበር። እርሷም እያስታመመች ትጽፍ ነበር፤ የመድኃኒቱና የቀለሙ ጠርሙስ ጐን ለጐን ተቀምጠው፥ ቤቱ የሚበላው ከብዕሯ ነበር። በደኅናው ጊዜም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ የቤቱ ሰው ሳይነቃ የቀኑን ድርሻ ትጨርስ ነበር።

ልጅየው ይህን ሁሉ እያየ አልተከተላትም። በ1834 በ19 ዓመቱ በሎንዶን ዋና ፖስታ ቤት በዓመት 90 ፓውንድ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። እዚያ በቈየባቸው ሰባት ዓመታት የሚታወቀው በማርፈድና በዕዳ ነበር። ደራሲ እሆናለሁ ብሎ ወስኗል፤ በየቀኑም አለመጀመሩ ይቈረቍረዋል፤ አንድ ምዕራፍ እንኳ ግን አልሞከረም። እኔ ከሕይወት ታሪኩ ሁሉ ደጋግሜ የማነበው ይህንን ክፍል ነው።

በ1841 ሌሎቹ የናቁትን የአየርላንድ ሥራ ለምኖ ሄደ። በፈረስ ከመንደር መንደር እየዞረ የፖስታ ሥራ የሚመረምር ሰው ሆነ። ሠርቶ መመስገንን ያወቀው እዚያ ነው፤ በ1844ም ሮዝ ሄዘልታይንን አገባ። በ1843 ድረምስና በሚባል መንደር አጠገብ ሲዘዋወር የፈረሰ የመኳንንት ቤት አየ፤ ያንጊዜ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ተፀነሰ።

መጽሐፉ በ1847 ታተመ፤ ቤሳ ቤስቲን አላስገኘለትም። ከቤቱ ሌላ ጸሐፊ መነሣቱን ዘመዶቹ እንደ በሽታ መዛመት ያዩት መሰለው። ሁለተኛው በ1848 በ375 ቅጂ ታትሞ 140 ብቻ ተሸጠ፤ አሳታሚው ከ60 ፓውንድ በላይ ከስሮ፥ ልብ ወለድ ቢጽፍ ተስፋ ሊሰጠው እንደማይችል በደብዳቤ ገለጸለት። ሦስተኛው 20 ፓውንድ አመጣለት። አራተኛው፥ ማለት በ1855 የወጣው ዘ ዋርደን፥ በዚያ ዓመት መጨረሻ 9 ፓውንድና ጥቂት ሽልንግ ሰጠው። እንግዲህ ብዕር ካነሣ 12 ዓመት ሆኖት ከመጻሕፍቱ ያገኘው 30 ፓውንድ አልሞላም ማለት ነው። ስንቶቻችን አንድ ግጥማችን ሳይታተም ሲቀር ብዕራችንን ሰቅለናል!

ልማዱ የጸናው በዚህ ዘመን ነው። ባቡር ላይ የሚያጠፋው ሰዓት ስላሳዘነው በጕልበቱ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ ሰሌዳ አሠራ። ሰው እያየው እያፈረ በእርሳስ ይጽፋል፤ ሚስቱም ትገለብጥለታለች። በ1857 የታተመው ባርቼስተር ታወርስ አብዛኛው የተጻፈው በዚህ ዓይነት ነው። በኋላም አንድ ሽማግሌ ባልደራስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ቡና ይዞ እንዲቀሰቅሰው በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለት ነበር፤ ባልደራሱም ቡናውን አንድ ቀን አላዘገየም። ትሮሎፕ ግማሽ ሰዓት ያህል የትናንቱን ጽሑፍ ድምፁን በጆሮው እየመዘነ ያነባል፤ ከዚያ ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል። ቍርስ ሲደርስ የደራሲነቱ ቀን አበቃ፤ የፖስታ ቤቱ ቀን ይጀምራል። በየሳምንቱ የጻፈውን ገጽ በመዝገብ ያሰፍራል፤ የሰነፈበት ሳምንት ባዶውን ሲያፈጥበት ያፍራል።

በ1858 ስለ ፖስታ ውል ወደ ግብፅ ተላከ። ማዕበሉ መርከቡን ሲያናውጠው ከጠረጴዛው ተነሥቶ እየሮጠ ያስመልሳል፤ ተመልሶም ይጽፋል። እስክንድርያ ላይ ዶክተር ቶርን የሚባለውን መጽሐፍ ጨረሰ፤ በማግሥቱ ሌላ ጀመረ። በ1860 በኮርንሂል መጽሔት መውጣት የጀመረው ፍሬምሊ ፓርሶኔጅ 1,000 ፓውንድ አስገኘለት፤ ከፖስታ ቤት የተሰናበተው ግን በ1867 ነው።

ትሮሎፕ ደራሲን ከጫማ ሰፊ ጋር ያመሳስል ነበር፤ ጫማ ሰፊ አንዱን ጥንድ ሲጨርስ ውቃቢ ሳይጠብቅ ሌላውን ይጀምራልና። እኔ በዚህ በሙሉ አልስማማም። ሰዓቱ ወንበር ላይ አስቀመጠው እንጂ አልጻፈለትም። በማለዳ ሦስት ሰዓት የሚቀዳው ውሃ ቀኑን ሁሉ በፈረስ ላይ፥ አስቀድሞም በዚያ በብቸኝነት ልጅነቱ የተጠራቀመ ነበር። የፈጠራቸውን ሰዎችም እንደ ጎረቤት ያውቃቸው ነበር። አንድ ቀን በክበቡ ሁለት ቄሶች የጳጳሱን ሚስት ሚስዝ ፕራውዲን ሰለቸችን ሲሉ ሰምቶ፥ ቤቱ ገብቶ እንደሚገድላት ነገራቸው፤ ገደላትም። ከዚያ በኋላ ግን ሲናፍቃት ኖረ።

ይህን ሁሉ ምስጢር፥ ከመጻሕፍቱ ያገኘውን 70 ሺህ ፓውንድ ግድም ጭምር በዝርዝር፥ በገዛ እጁ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ አሰፈረ። እርሱ በታኅሣሥ 1882 ከሞተ በኋላ ልጁ በ1883 ሲያሳትመው ብዙ አንባብያን ቅር አላቸው፤ በሰዓትና በገጽ ቍጥር የተጻፈ ነገር ጥበብ ሊሆን አይችልም ብለው ስሙን ለረጅም ጊዜ ዝቅ አደረጉት። አንባቢ የደራሲውን ሰዓት ባያይ ይመርጣል መሰለኝ። በሞተበት ጊዜ በእጁ የነበረው፥ ሳይጨርሰው የቀረው ዘ ላንድሊገርስ፥ ስለ አየርላንድ የሚተርክ ነበር።