ማርጋሬት ማክሚላን

(በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እናት ማልዳ ወደ ፋብሪካ ስትሄድ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃኗን ለማን ትተወዋለች? ሞግዚት ለመቅጠር አቅም የላትም፤ ሕፃኑም ትምህርት ቤት ለመግባት ዕድሜው አልደረሰም። ማርጋሬት ማክሚላን የዚህን ጥያቄ መልስ ከመንግሥት ስትጠይቅ የኖረች ሴት ናት።

ማርጋሬት በ1860 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ከስኮትላንድ ከፈለሱ ወላጆች ተወለደች። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት አባቷና ታናሽ እኅቷ በበሽታ ሞቱ፤ እሷም ታማ ለብዙ ዓመታት መስማት ተሳናት። እናቷ እሷንና ታላቋን ራቸልን ይዛ ወደ ስኮትላንድ ተመለሰች።

በ1893 ዓ.ም. ማርጋሬት በሱፍ ፋብሪካዎቿ ወደታወቀችው የእንግሊዝ ከተማ ወደ ብራድፎርድ ሄደች። በዚያ ከፍ ከፍ ያሉ የሠራተኛ ልጆች የቀኑን እኩሌታ በፋብሪካ፣ እኩሌታውን በትምህርት ቤት ያሳልፉ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ለከተማው የትምህርት ቦርድ ተመረጠች። የተራበና ጥርሱን የሚያመው ልጅ ፊደል ቢያስቆጥሩት ምን ይገባዋል? ስለዚህ በ1897 ዓ.ም. በአንድ ትምህርት ቤት የገላ መታጠቢያ እንዲሠራ አደረገች፤ በ1899 ዓ.ም. ደግሞ ከሐኪሙ ከጄምስ ኬር ጋር ሆና የተማሪዎች ጤና እንዲመረመር አደረገች።

በ1902 ዓ.ም. የወጣ ሕግ የትምህርት ቦርዶችን አፍርሶ ሥልጣናቸውን ለምክር ቤቶች ሰጠ። በእነዚያ ምክር ቤቶች ሴት መመረጥ አትችልም ነበርና ማርጋሬት ወንበሯን አጣች። ከዚያም ወደ እኅቷ ሄዳ ትግሉን ከለንደን ቀጠለች። መንግሥት ልጆችን ከመገበ ወላጆች ይሰንፋሉ ብለው የሚከራከሩ ብዙዎች ቢሆኑም፣ በ1906 ዓ.ም. የአካባቢ መስተዳድሮች ለተቸገሩ ተማሪዎች ምግብ እንዲያቀርቡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። በ1907 ዓ.ም. ደግሞ የተማሪዎች የጤና ምርመራ ግዴታ ሆነ።

እኅትማማቾቹ በ1910 ዓ.ም. በለንደን የድሆች ሰፈር በዴፕትፎርድ የተማሪዎች ክሊኒክ ከፈቱ። ክሊኒኩ ግን አንድ መራራ ነገር አስተማራቸው። የታከመው ልጅ ድኖ ወደ ጠባቡና ጨለማው ቤቱ ይመለሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ያንኑ በሽታ ይዞ ይመጣል። ፀሐይና በቂ ምግብ አጥቶ አጥንቱ የጎበጠው ሕፃን ደግሞ አምስት ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት ሲገባ ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሶበታል። እንግዲህ መጀመር የሚገባው ከዚያ በፊት ነው።

በ1914 ዓ.ም. በዚያው ሰፈር ለሕፃናት መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። ይህ ትምህርት ቤት ከሕንፃ ይልቅ የአትክልት ቦታ ነበር ቢባል ይሻላል። መጠለያዎቹ ለንጹሕ አየር ክፍት ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ በዙሪያቸው አበባና ጎመን ይበቅላል። ሕፃናቱ ጠዋት ገብተው ይታጠባሉ፣ ይመገባሉ፣ በአትክልቱ መካከል ይጫወታሉ፣ ቀትር ላይ በየአልጋቸው ይተኛሉ፤ ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ወደ ማታ ነው። ወላጆች የሚከፍሉት አነስተኛ ገንዘብ ነበርና ወጪውን ሊሸፍን አይችልም። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እናቶች ወደ ጥይት ፋብሪካ ጎረፉ፤ ያን ጊዜ መንግሥት ለእነዚህ ሴቶች ልጆች ማቆያ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ለዓመታት የተለመነው ነገር ጥይት ሲያስፈልግ መገኘቱ ያስገርማል።

ራቸል በ1917 ዓ.ም. ሞተች፤ መዋዕለ ሕፃናቱም በስሟ ተጠራ። በ1918 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሕግ መስተዳድሮች መዋዕለ ሕፃናትን በመንግሥት ድጎማ እንዲከፍቱ ፈቀደ፤ ነገር ግን አላስገደደም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመንግሥት ወጪ ሲቀነስ ብዙዎቹ መስተዳድሮች ፈቃዱን ሳይሠሩበት ቀሩ። ማርጋሬት ግን አልተቀመጠችም። በ1923 ዓ.ም. የተቋቋመው የመዋዕለ ሕፃናት ማኅበር የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች፤ በ1930 ዓ.ም. ደግሞ በእኅቷ ስም የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በዴፕትፎርድ አስከፈተች።

በ1931 ዓ.ም. ስትሞት በእንግሊዝ አገር የነበሩት የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ገና ጥቂት ነበሩ። በዴፕትፎርድ ግን ሕፃናቱ እንደ ወትሮው ጠዋት ገብተው ማታ ይወጡ ነበር።